የሚፈራውና ሊፈራ የሚገባው፦ ኤሌክትሮስታቲክ ሄድፎንን በቤት መሥራት

በኤሌክትሮስታቲክ ሄድፎን ውስጥ ድምፁን የሚፈጥረው አካል 10 ሚሊ ግራም ገደማ ይመዝናል። ዳያሜትሩ 8 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ማይክሮን የሆነ የፖሊስተር ፊልም ነው፤ ብዙዎች ማይላር በሚለው የንግድ ስሙ ያውቁታል። በዚያው ክብ ላይ የተከመረ የ2 ሚሊ ሜትር አየር ቢመዘን ከፊልሙ ክብደት ጋር ይቀራረባል። እንዲህ የቀለለ ነገር ሲነሣም ሲቆምም ጊዜ አይፈጅበትም። የክራር ክር ሲነካ የምትሰማው የመጀመሪያዋ ቅጽበት፣ ዘፋኝ ከስንኝ ወደ ስንኝ ሲሻገር የሚስበው ትንፋሽ፣ በሌላ ሄድፎን የሚዋጡ ጥቃቅን ነገሮች ሁሉ እዚህ ተለይተው ይሰማሉ።

ዋጋው ግን እንደ ክብደቱ ቀላል አይደለም። ሰንሃይዘር በ1991 ያወጣው ኦርፊየስ የተሠራው በ300 ብቻ ተወስኖ ነበር። በ2015 ያስተዋወቀው ተተኪው ኤችኢ 1 ደግሞ ከነአምፕሊፋየሩ 50 ሺህ ዩሮ ገደማ ተተምኖለት ነበር። የዚህ የመጨረሻው ፊልም ውፍረት 2.4 ማይክሮን ነው። በየቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ከ1.5 እስከ 6 ማይክሮን ያለውን ፊልም በጥቅል ገዝተው ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ ውድነቱ የመጣው ከፊልሙ አይደለም። ታዲያ ከምን መጣ? ያንንስ በቤት ጠረጴዛ ላይ መተካት ይቻላል?

ይቻላል። በአውሮፓ፣ በእስያና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ሠርተዋል፤ የአንዳንዶቹም ሥራ ከፋብሪካ ምርት ጎን የሚቀመጥ ነው። የአሠራር መመሪያዎችን ለሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ጀማሪው የሚፈራው ፊልሙን ነው፤ ይቀደዳል፣ ይጨማደዳል፣ እጄ አይችለውም ይላል። ፊልሙ እንደሚፈራው አይደለም፣ ቢበላሽም በሳንቲም ይተካል። ሥራውን የሚወስኑት ከፊልሙ ወዲያና ወዲህ ያለው የግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተትና ሄድፎኑን ከሚነዳው ሳጥን የሚመጣው ቮልቴጅ ናቸው። ሁለቱም የሚገባቸውን ያህል አይፈሩም።

አሠራሩን ለመረዳት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። ፊልሙ በሁለት የተበሳሱ ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል ተወጥሮ ይቀመጣል። ብረቶቹ ስታተር ይባላሉ። ፊልሙ በቋሚ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሞላል፤ በሙያው ቋንቋ ባያስ የሚባለው ይህ ነው። የሙዚቃው ሲግናል በሁለቱ ስታተሮች ላይ ተቃራኒ ሆኖ ይመጣል፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይገፋል። በተለመደው ሄድፎን የሽቦ ጥቅልል ሾጣጣውን ከአንድ ቦታ ይዞ ይገፋዋል። እዚህ ግን ኃይሉ በፊልሙ ገጽ ሁሉ ላይ እኩል ያርፋል፣ ስለዚህ ፊልሙ አይጣመምም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኤድዋርድ ዌንቴ በ1916 የሠራው ኮንደንሰር ማይክሮፎን ይኸው ነገር ተገልብጦ ነው። ኤድዋርድ ኬሎግ ደግሞ ከቼስተር ራይስ ጋር ሆኖ በ1925 ዛሬ በየሬዲዮው ያለውን የሽቦ ጥቅልል ድምፅ ማጉያ ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። ይኸው ሰው ቆይቶ ፊቱን ወደ ኤሌክትሮስታቲክ ድምፅ ማጉያ አዙሮ በ1934 የፈጠራ መብት አገኘበት፤ የራሱን ሥራ ተቀናቃኝ ራሱ ወለደ ማለት ነው። ያን ጊዜ የነበረው ችግር መዛባት ነበር፤ ፊልሙ ወደ አንዱ ብረት ሲጠጋ ኃይሉ ይለዋወጣል። መፍትሔውን ፍሬድሪክ ሀንት በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ አሳየ። በፊልሙ ላይ ያለው ቻርጅ እንዳይንቀሳቀስ ከተደረገ ፊልሙ የትም ይሁን የት የሚያርፍበት ኃይል አንድ ነው። ፒተር ዎከር በእንግሊዝ ይህን ወደ ዕቃ ለውጦ በ1957 የኳድን ድምፅ ማጉያ ለገበያ አቀረበ። የጃፓኑ ስታክስ በ1960 የመጀመሪያውን ኤሌክትሮስታቲክ ሄድፎን ሸጠ፤ እስከ ዛሬም የዘርፉ መለኪያ እርሱ ነው። ብዙ የቤት ሠሪዎች የስታክስን 580 ቮልት ባያስና የሶኬቱን አቀማመጥ እንዳለ ይወስዳሉ፤ ከዚያ በኋላ የሠሩት ሄድፎን ከፋብሪካው አምፕሊፋየር ጋር፣ የሠሩት አምፕሊፋየርም ከፋብሪካው ሄድፎን ጋር ይገጥምላቸዋል። ብልህነት ነው።

ቻርጁ አይንቀሳቀስ የሚለው ትእዛዝ ቀጥታ የሚወድቀው በፊልሙ ቅብ ላይ ነው። ማይላር በራሱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ቻርጅ እንዲይዝ በትንሹ የሚያስተላልፍ ነገር ይቀባል። ችግሩ ያለው “በትንሹ” የሚለው ላይ ነው። ቅቡ ከመጠን በላይ ካስተላለፈ ቻርጁ በአንድ የባስ ምት ጊዜ ውስጥ ከቦታ ቦታ ይሮጣል፣ የሀንት ሕግ ይፈርሳል፣ መዛባቱም ይመለሳል። ከዚህ ሌላ ፊልሙ አንድ ጊዜ ስታተሩን ቢነካ ብልጭታው ፊልሙን ይበሳዋል። ጭራሽ ካላስተላለፈ ደግሞ ፊልሙ ለመሞላት ሰዓታት ይፈጃል ወይም አይሞላም። የሚፈለገው የገጽ ሬዚስታንስ ከ100 ሚሊዮን እስከ 10 ቢሊዮን ኦም ባለው ሜዳ ውስጥ ነው። የአልሙኒየም ቅብ ያለው የድንገተኛ አደጋ ብርድ ልብስ ማይላር ነው ተብሎ ለዚህ ሥራ ሲመከር አይቻለሁ፤ ቅቡ ብረት ስለሆነ አይሆንም።

ሰዎች የሞከሩት የቅብ ዓይነት ብዙ ነው። ግራፋይት ዱቄት በጥጥ ታሽቶ፣ ከዚያ የቀረ እስከማይመስል ድረስ ተጠርጎ ይሠራል፤ ርካሽ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፣ ግን የእጅ ልምድ ይጠይቃል፣ ሁለት ፊልም አንድ ዓይነት ማውጣትም ያስቸግራል። በውኃ የቀጠነ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በአንድ ከሰዓት በኋላ ውጤት ይሰጣል፤ ሆኖም የሚሠራው እርጥበት ከአየር እየሳበ ስለሆነ በደረቅ ወቅት ድምፁ ይዳከማል። ለሙከራ ሳሙና፣ ለዘለቄታው ለፕላስቲክ የተዘጋጀ ፀረ ስታቲክ ፈሳሽ የሚለው ምክር ሚዛን ይደፋል ብዬ አስባለሁ። በመለኪያ በኩል ግን ጀማሪው መታወር አይቀርለትም፤ በየጥገና ቤቱ ያለው ቴስተር ወደ 100 ሚሊዮን ኦም ሲጠጋ ማንበብ ያቆማል። የገመድ ሽፋን መፈተሻ ሜገር ያለው ሰው ብቻ ነው ቁጥሩን የሚያየው።

መወጠሩ ከመቀባቱ ይቀላል። ፊልሙ እንደ ከበሮ ቆዳ ነው፤ ሲላላ ይወድቃል፣ ሲከር ድምፁ ይቀጥናል። መላላቱ የሚያመጣው ችግር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ባያሱ ፊልሙን ወደ ሁለቱም ብረቶች ስለሚስበው በትንሹ ወደ አንዱ ያዘነበለ ፊልም ሄዶ ይለጠፋል። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ደግሞ አይለጠፍም፣ ነገር ግን ባሱ ይደክማል። መካከሉን ለማግኘት ብልሃቶች አሉ። በስፋት የሚሠራበት የብስክሌት የውስጥ ጎማ ነው። ጎማው በክብ ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ፊልሙ በላዩ ተዘርግቶ ከሰሌዳው ሥር በማጣበቂያ ይያዛል፣ ከዚያ ጎማው በፓምፕ ሲነፋ ፊልሙን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ይስበዋል። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል በመቶ ሲረዝም ይበቃዋል፤ በፊልሙ ላይ ሁለት ነጥብ አድርጎ ርቀታቸውን በማስመሪያ መለካት ነው። ቀለበቱ ሙጫ ተቀብቶ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ዙሪያው በምላጭ ይቆረጣል። ከተቀደደ ሌላ ፊልም ይዘረጋል፤ ጥቅሉ ረጅም ነው።

ስታተሩ በአንድ ዘመን ራስ ምታት ነበር። ብረት በእጅ መብሳት፣ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ጠርዝ ማለስለስ፣ ሳይጎብጥ ማቆየት ቀን ይበላ ነበር። ዛሬ ለኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት ቦርድ የሚያትሙ ፋብሪካዎች የኮምፒውተር ሥዕል ተቀብለው መዳብ የለበሰ፣ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቦርድ ከነቀዳዳው ቆርጠው ይልካሉ። አንድ ሦስተኛ ገደማው ክፍት ከሆነ፣ ቀዳዳዎቹም 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆኑ ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ ሥዕሉን የሚሠራው ሰው እንዳይረሳ፦ መዳቡ ቀለበቱ ከሚነካው ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት፣ አለበለዚያ ቮልቴጁ በጠርዙ በኩል ይሾልካል።

አሁን ወደ ክፍተቱ። ለ580 ቮልት ባያስ በፊልሙና በእያንዳንዱ ስታተር መካከል የተለመደው ርቀት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። ርቀቱ ሲጠብ የፊልሙ ቻርጅ ይጨምራል፣ የሲግናሉም የኤሌክትሪክ መስክ ይበረታል። ሁለቱ ስለሚባዙ የድምፁ ኃይል ከርቀቱ ካሬ ጋር በተቃራኒው ይለዋወጣል። ይህን በቁጥር ላስቀምጠው። የግራው ክፍተት 0.5፣ የቀኙ 0.45 ሚሊ ሜትር ቢሆን ቀኙ ወደ 2 ዴሲቤል ይጮኻል። ስሕተቱ የአንድ ወረቀት ውፍረት ግማሽ ነው፤ ውጤቱ ግን ዘፋኙ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ቀኝ ጆሮ መጠጋቱ ነው። ፋብሪካው ገንዘቡን የሚያስከፍለው በአብዛኛው ለዚህ ነው፤ ሁለት ጆሮ አንድ ዓይነት ለማውጣት። በቤት የሚሠራ ሰው ክፍተት የሚጠብቁትን ቀለበቶች ከአንድ ቦርድ ላይ ማስቆረጥ፣ ሙጫውን ማሳሳት፣ ከሁለት በላይ ሠርቶ ከመካከላቸው የሚመሳሰሉትን መምረጥ ይችላል። ምርጫው ያዋጣል፤ አራት ሠርቶ ሁለቱን መጠቀም ሁለት ሠርቶ ከመጸጸት ይሻላል።

ስለ ክፍተት የተጻፉ ቁጥሮች ሁለት ቦታ ላይ ያሳስታሉ። አንደኛው፣ ብዙዎቹ መጻሕፍት፣ የሮጀር ሳንደርስ የ1995 መጽሐፍ ጭምር፣ የተጻፉት ለትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ነው። እዚያ ክፍተቱ በሚሊ ሜትሮች፣ ባያሱም በሺህ ቮልቶች ይቆጠራል፤ ያን ቁጥር ለራስ ላይ ዕቃ ማዋል እብደት ነው። ሁለተኛው ለእኛ ለደጋ ሰዎች ነው። አየር ብልጭታን የሚቋቋመው በግፊቱ ልክ ነው። በባሕር ጠረፍ 1 ሚሊ ሜትር አየር 3 ሺህ ቮልት ገደማ ይችላል ሲባል አዲስ አበባ ላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ስለሚቀንስ ችሎታውም አብሮ ይቀንሳል። ቶኪዮ ላይ 0.5 የሆነው ክፍተት እዚህ የሚያገለግለው እንደ 0.38 ነው። 580 ቮልቱ ብቻውን አደጋ የለውም፤ ነገር ግን በከፍተኛ ድምፅ ጊዜ የሲግናሉ ቮልቴጅ ይጨመርበታል፣ በዚያ ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ወይም ያልለሰለሰ የመዳብ ጠርዝ ሲኖር ፉጨትና ጠቅጠቅታ ይጀምራል። ስለዚህ እዚህ የሚሠራ ሰው ክፍተቱን ወደ 0.6 ቢያሰፋው የሚያጣው ጥቂት ጩኸት ነው፤ ያንን በድምፅ መጨመሪያው ይመልሰዋል። አቧራውን ለመከላከል ከስታተሩ ውጪ በኩል ሌላ ስስ ፊልም ይወጠራል። ለምግብ መጠቅለያ የሚሆነው ፕላስቲክ ለጊዜው ያገለግላል፣ ግን ወፍራም ስለሆነ ከላይኛው ድምፅ ይቆነጥራል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የጠረጴዛ ሥራ ነው። ሳጥኑ ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ሰው ሊሞት ይችላል።

ባያሱ ከሁለቱ ቮልቴጆች የዋህ ነው። ጆን ኮክክሮፍትና ኧርነስት ዎልተን በ1932 አቶምን ለመሰንጠቅ የተጠቀሙበት የዳዮድና የካፓሲተር መሰላል በትንሹ እዚህም ይሠራል። የ220 ቮልት መብራት ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳል፤ መሰላሉ በእጥፍ ሲያባዛው 622 ይሆናል፣ ከዚያ ወደ 580 ማውረድ ነው። ግን በምንም ምክንያት ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ አይወሰድም፤ ራስ ላይ የሚደረግ ዕቃ ከመብራት መሥመር በትራንስፎርመር መለየት አለበት። ሁለት ተመሳሳይ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ጀርባ ለጀርባ ከተያያዙ ይህን ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ 4.7 ሚሊዮን ኦም ያህል ሬዚስተር ይገባል። 580 ቮልት በዚህ ሬዚስተር በኩል የሚያሳልፈው ከ0.13 ሚሊ አምፔር በታች ነው፤ ይቆነጥጣል እንጂ አይገድልም። ሬዚስተሩ ከሳጥኑ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ገመዱ ሲላጥ ጥበቃው እንዳይጠፋ። ደግሞ አንዱ ብቻ አይበቃም፤ በየሱቁ ያሉት የሩብ ዋት ሬዚስተሮች የሚችሉት 250 ቮልት ገደማ ስለሆነ ሦስት ወይም አራት በተከታታይ ይበየዳሉ። ሥራው ካለቀ በኋላ ቴስተር አስገብቶ 395 ቮልት ያነበበ ሰው አይደንግጥ። ቴስተሩ ራሱ 10 ሚሊዮን ኦም ስለሆነ ቮልቴጁን ከሬዚስተሩ ጋር ተካፍሎት ነው።

ስታተሮቹን የሚነዳው አምፕሊፋየር ግን የዋህ አይደለም። በመቶዎች ቮልት የሚወዛወዝ ሲግናል ማውጣት ስላለበት የኃይል ምንጩ ወደ ላይም ወደ ታችም 400 ቮልት አካባቢ ይሆናል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል 800 ማለት ነው። ያውም እንደ ባያሱ በሜጋ ኦም የታጠረ አይደለም። ሄድፎኑ ራሱ ትንሽ ካፓሲተር ነው፣ ከነገመዱ 100 ፒኮፋራድ ያህል፤ በ20 ሺህ ኸርዝ 400 ቮልት ለመስጠት 5 ሚሊ አምፔር ይጠይቃል። አምፕሊፋየሩ ይህን ያለ ጭንቀት እንዲሰጥ ሆኖ ይሠራል። ለሄድፎኑ የሚበቃው ይህ ኃይል ለልብም ይበቃል። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ማብሪያው ከጠፋ በኋላ ቻርጃቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ማፍሰሻ ሬዚስተር ያልተደረገላቸው እንደሆነ ከሰዓታት በኋላም ይመታሉ። ሰዎች በነጻ ያሰራጯቸው ጥሩ ንድፎች አሉ፣ በቫልቭም በትራንዚስተርም። ነገር ግን ካውያ የያዘው ትናንት ለሆነ ሰው እንዲህ ያለ ንድፍ መስጠት ውለታ አይደለም። ከዚህ በፊት የመብራት ቮልቴጅ ያለበትን ነገር ሠርቶ የማያውቅ ሰው ይህን የመጀመሪያ ሥራው ባያደርገው፣ ሲፈትሽም ብቻውን ባይሆን።

የሚሻለው መንገድ ትራንስፎርመር ነው። ስታክስ ራሱ በተለመደ የቤት አምፕሊፋየር የድምፅ ማጉያ መውጫ ላይ የሚሰካ፣ ቮልቴጁን የሚያሳድግ ሳጥን ለዓመታት ሸጧል፤ ያገለገሉት አሁንም ይገኛሉ። በቤት ለመሥራት ደግሞ ቀለበት ቅርጽ ያለው የኃይል ትራንስፎርመር ተገልብጦ ይያዛል። በአንድ ወገን ሁለት ባለ 115 ቮልት ጥቅልል፣ በሌላው 9 ቮልት ያለው ከሆነ ወደ 25 እጥፍ ያሳድጋል። አምፕሊፋየሩ 10 ቮልት ሲሰጥ 250 ቮልት ይወጣል፤ የሁለቱ ጥቅልሎች መጋጠሚያ መሬት ይያዛል፣ ጫፎቹ ወደ ስታተሮቹ ይሄዳሉ። ድካሙ ባስ ላይ ነው። በ50 ኸርዝ 9 ቮልት እንዲሸከም የተሠራ ጥቅልል በ25 ኸርዝ የሚሸከመው 4.5 ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ብረቱ ይጠግብና ድምፁ ይቀደዳል። ለክራርና ለድምፃዊ ግድ የለም፤ ለከበሮና ለኦርጋን ነው የሚሰማው። የዚህም ቮልቴጅ ቀልድ አይደለም፣ ሆኖም ሳጥኑ ውስጥ ዘወትር የተሞላ ትልቅ ካፓሲተር የለም፤ ሙዚቃው ሲቆም ቮልቴጁም ይቆማል።

ስለ መያዣውና ስለ ጆሮ ትራሱ አጭር ቃል፤ አጭርነቱ ነገሩ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ባስ የሚመጣው ትራሱ ራስ ላይ ገጥሞ አየር ሳያስወጣ ሲቀመጥ ነው። የመነጽር ክንድ የከፈተው ቀዳዳ ብቻ ታችኛውን ድምፅ ሊያፈስሰው ይችላል። “ኤሌክትሮስታቲክ ባስ የለውም” የሚለው ዝና ከፊሉ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። መያዣውን በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ ማውጣት ዛሬ ቀላል ነው፤ ትራሱን ግን ገዝቶ መግጠም ይሻላል።

ገንዘብ ይቆጥባል? ከትልልቆቹ ስሞች ጋር ሲወዳደር አዎን። አሜሪካዊው ኮስ በ1990 ያወጣው ዓይነት ከነሳጥኑ በመጠነኛ ዋጋ የሚገኝ ኤሌክትሮስታቲክ እያለ ግን የቁሳቁሱን፣ የመሣሪያውንና የተበላሸውን ቦርድ ሒሳብ የያዘ ሰው ትርፉ ሲሳሳ ያያል። ማዳመጥ ብቻ የሚፈልግ ይግዛ። ከፍተኛ ቮልቴጅን ሙሉ በሙሉ የሚሸሽም አማራጭ አለው። ጀምስ ዌስትና ጌርሃርድ ሴስለር በ1962 በቤል ላብራቶሪ የሠሩት፣ ቻርጁን በቋሚነት የያዘ የኤሌክትሬት ፊልም ባያስን ያስቀራል፤ ስታክስና ሌሎችም በዚህ መንገድ ሄድፎን ሠርተዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ፊልም በቤት መሙላት ፊልም ከመወጠር እጅግ ይከብዳል።

ሥራው ሲያልቅ ፍተሻው ራስ ላይ በማድረግ አይጀመርም። ባያሱ ብቻ ተሰጥቶት፣ ሙዚቃ ሳይኖር፣ ጸጥ ባለ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ፉጨት ካለ አቧራ ወይም የሾለ ጠርዝ አለ፤ ጸጥ ካለና በኋላ ሙዚቃ ሲለቀቅ ድምፁ ከደከመ ቅቡ ወይም የፊልሙ መገናኛ ቀለበት ነው የሚጠረጠረው። ከዚያ በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ ይለቀቃል። አንዱ ወገን ካነሰ ከአምፕሊፋየሩ ወደ ሳጥኑ የሚገቡት የግራና የቀኝ ገመዶች ይቀያየራሉ። ድካሙ ወደ ሌላው ወገን ከተዛወረ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ነው። እዚያው ከቀረ የቀረው ጥርጣሬ በሳጥኑና በሄድፎኑ መካከል ነው፤ ሳጥኑ በሌላ ሄድፎን ተፈትሾ ነጻ ከወጣ ቀለበቶቹ ተፈተው ክፍተቱ እንደገና ይለካል።